ድምፅ የሌለው ሽጉጥ፣ ድምፅ ያለው ሰው
(ስለ ስውር መሣሪያ በሚጻፉ ታሪኮች ላይ የቀረበ ሂስ)



በእጅ እየተጻፈች ለምትዞረው ለዚህች መጽሔታችን ከሚደርሱት አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል ሰላይ የሌለበት እየጠፋ መጥቷል። በቅርቡ ካነበብኳቸው አምስት ጽሑፎች በአራቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ሽጉጥ አለ። በአንደኛው ሽጉጡ እስክሪብቶ ውስጥ ተደብቋል። በሌላው መቋሚያ ውስጥ ነው። በሦስተኛው ገዳዩ በሌሊት መጥቶ እንደ ጢስ በንኖ ይጠፋል። በአራተኛው አንድ ሰው ሻይ ቤት መካከል እንደ ተቀመጠ ይገደላል፤ አጠገቡ የነበሩት ሻይ ጠጪዎች ግን ምንም ሳይሰሙ ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ።

ጸሐፊዎቹን ለማሳፈር አልተነሣሁም። ወረቀት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጦ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እነዚህ ታሪኮች ስለ ስውር መሣሪያ የሚነግሩን እውነት ነውን? እውነት ካልሆነስ የሚያደርሱት ጉዳት አለን? ይህን ለመመለስ የመሣሪያውን ታሪክ ከነዓመቱ ማየት፣ ከዚያም ስለ እርሱ የተጻፉትን የታወቁ መጻሕፍት ከታሪኩ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሌላ አገር የስለላ ልብ ወለድ የባቡር መንገድ ማሳጠሪያ ነው። አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቤቱ ይገባል። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። «እገሌ ሰላይ ነው» የምትል አንዲት ቃል ጠዋት ከውሃ ሰልፍ ተነሥታ እስከ ማታ ሰፈሩን ታዳርሳለች። የተባለበት ሰው በማግስቱ ሰላምታ ያጣል። ከልጆቹ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ልጆች በእናቶቻቸው ይጠራሉ። ምን ይዞ ተገኘ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንዳንዴ አንድ እስክሪብቶና አንድ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ አለ ስንጥር» ይላል ተረታችን። ስንጥር ያለበት ገንፎ መኖሩን አልክድም፤ ከዚህ በታችም አሳያለሁ። ነገር ግን ገንፎ ሁሉ ስንጥር ነው ብሎ የተነሣ ሰው በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ስለ ስውር መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ሌሎች አገሮች ካሉት ደራስያን ይልቅ እዚህ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል።

፩. መሣሪያው ምንድን ነው?

ከመጠሪያው እንጀምር። የሽጉጥና የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛን ለገበያ ያበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የመትረየስ ፈልሳፊው የሂራም ማክሲም ልጅ ሲሆን በ1909 የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ አግኝቶበታል። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው የጋለ ጋዝ ከአፈሙዙ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ሲወጣ ነው ጆሮ የሚሰነጥቀው ድምፅ የሚሰማው። ማፈኛው ይህን ጋዝ በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ እያሳለፈ እንዲሰፋና እንዲቀዘቅዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። የመኪና ማርሚታ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው።

ይሁንና ማፈኛው የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። ጥይቱ ከድምፅ ከፈጠነ፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ካለፈ፣ በአየር ላይ እርሱ ራሱ ይጮኻል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የጅራፉ ጫፍ የሚጮኸውም ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ሁለተኛ፣ ሽጉጡ ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት ሲያጎርስ ብረቱ ይንቋቋል። ሦስተኛ፣ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዘው ሪቮልቨር የሚባለው ሽጉጥ በከበሮውና በበርሜሉ መካከል ክፍተት ስላለው ጋዙ በዚያ ያመልጣል። ከበሮው ወደ ፊት ተጠግቶ ክፍተቱን እንደሚዘጋው እንደ ሩስያው ናጋንት ያለ ካልሆነ በስተቀር ማፈኛ ቢገጠምለትም የሚረባ አይሆንም። የሻይ ቤቱ ታሪክ ጸሐፊ ለገዳዩ የሰጠው ሽጉጥ ሪቮልቨር ነው። ያ ተኩስ በእውነት ቢተኮስ ኖሮ አንድም ሻይ ጠጪ ከመቀመጫው ላይ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ በእውነት ለስውር ሥራ የተሠሩት መሣሪያዎች ምን ይመስሉ ነበር? ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

እንግሊዞች በ1940 ጠላት ወደ ያዛቸው አገሮች ሰዎችን አሰርጎ የሚያስገባና አርበኞችን የሚረዳ ምሥጢራዊ ድርጅት አቋቋሙ። ከለንደን በስተሰሜን፣ በዌልዊን ከተማ አጠገብ፣ የመሣሪያ ምርምር ጣቢያ ነበራቸው። ከዚያ ጣቢያ በ1942 የወጣው ሽጉጥ በከተማዋ ስም መነሻ «ዌልሮድ» ተባለ። 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የብረት ቱቦ ነው። እጀታው የጥይት ካዝናውም ስለሆነ ሲነቀል የቀረው አካል የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይመስላል። በላዩ የሠሪው ስምም የአገሩ ስምም አልተጻፈበትም። ብረቱ እንዳይንቋቋ ሲባል ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ተኳሹ በእጁ ከኋላ ስቦ ያጎርሰዋል። ማፈኛው ውስጥ ያሉት የጎማ ክቦች ጥይቱ በመካከላቸው በስቶ ሲያልፍ ስለሚያልቁ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ተኩስ በኋላ ድምፁ እየጎላ ይመጣል። የአፈሙዙ ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው። ለምን ቢባል በሰው አካል ላይ ተለጥፎ እንዲተኮስ ነው።

አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ይበልልኝ። የእኛ ታሪኮች ገዳዩን ሩቅ ያቆሙታል፤ ጥላ ያደርጉታል። የዌልሮድ ሠሪዎች ግን ገዳዩ የሟቹን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ እንደሚቀርብ ያውቁ ነበር። ይህን መቅረብ ነው ጽሑፎቻችን የሚሸሹት።

ሁለተኛው መሣሪያ የአሜሪካኖች «ሊበሬተር»፣ በአማርኛ «ነጻ አውጪው» ነው። በ1942 ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የመኪና መብራት ፋብሪካ አንድ ሚሊዮን ያህል አምርቷል። ከተቆራረጠና ከተጣጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሽጉጥ ነው። የአንዱ ዋጋ ሁለት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነበር። አንዱን ሠርቶ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ በአማካይ ሰባት ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ተኩሶ እንደገና ለማጉረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ቀለሁን በእንጨት ገፍቶ ማውጣት ያስፈልጋልና። ሐሳቡ በጠላት ለተያዙ አገሮች ሕዝብ ከአውሮፕላን እንዲጣል ነበር። ታዲያ የሚያነሣው ሰው ፈረንሳዊ ይሁን ግሪካዊ ወይም ቻይናዊ ስላልታወቀ ማስረዳት የነበረባቸው በቋንቋ አልነበረም። በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ወረቀት አንድም ቃል የሌለበት፣ ተኩሱን በሥዕል በሥዕል የሚያሳይ ነው። አብዛኛው ሽጉጥ ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ጦርነቱ አለቀ፤ ብዙውም ከጦርነቱ በኋላ እንዲወገድ ተደረገ።

ለሥነ ጽሑፍ ሰው ያ ወረቀት ብዙ የሚያሳስብ ነው። አንድን ሰው እንዴት መግደል እንደሚቻል ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ማስተማር ተችሏል። ማንን፣ ለምን፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይሆናል የሚለው ግን በሥዕል አይነገርም። እርሱን የሚናገረው ታሪክ ነው። ደራሲ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

፪. ሁለት መጻሕፍት በአንድ ባቡር ውስጥ

አሁን ወደ ልብ ወለዱ እንምጣ። የዚህ ዓይነት ታሪክ አባት ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊው ኢያን ፍሌሚንግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ስለ ሠራ ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም። ጄምስ ቦንድ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የአማርኛ አንባቢም ማሞ ውድነህን የመሳሰሉ ደራስያንና ተርጓሚዎች ባቀረቡለት የስለላ መጻሕፍት ከዚህ ዓለም ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል።

ስለ ፍሌሚንግ አንድ የሚመሰገን ነገር ልናገር። በ1956 ጄፍሪ ቡዝሮይድ የተባለ መሣሪያ አዋቂ አንባቢ «የቦንድ ሽጉጥ የሴት ሽጉጥ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም» የሚል መልእክት ያለው ደብዳቤ ጻፈለት። ፍሌሚንግ አልተቆጣም። በ1958 በወጣው «ዶክተር ኖ» ላይ የቦንድን ሽጉጥ ለወጠ፤ ሽጉጡን የሚለውጠውን መሣሪያ አዋቂ ገጸ ባሕርይም በአራሚው ስም ጠራው። ከአንባቢ እርማት መቀበልን ከእርሱ ብንማር አይከፋም።

በ1957 የወጣው «ከሩስያ ከፍቅር ጋር» የተባለው መጽሐፉ ለጉዳያችን የተለየ ነገር አለው። ግራንት የተባለው የሶቪየት ገዳይ ቦንድን በባቡር ውስጥ ያገኘዋል። በእጁ የያዘው የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ነው፤ መጽሐፉ ግን ውስጡ ሽጉጥ ነው። ቦንድ በበኩሉ የያዘው የኤሪክ አምብለርን «የዲሚትሪዮስ ጭምብል» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ግራንት ሊተኩስ ሲል ቦንድ የብረት ሲጋራ መያዣውን በመጽሐፉ ገጾች መካከል አስገብቶ በልቡ ላይ ይይዘዋል፤ ጥይቱም እዚያ ይቀራል። አንድ መጽሐፍ ሊገድል፣ አንድ መጽሐፍ ሊያድን በአንዲት ጠባብ ክፍል ተገናኙ ማለት ነው። ትዕይንቱ ልብ ይሰቅላል፤ እኔም ስነበው መብራቱ እስኪጠፋ አልተነሣሁም።

ጉድለቱስ ምን ላይ ነው? ግራንት ብዙ ይናገራል። ከመተኮሱ በፊት ተንኮሉን በሙሉ፣ አለቃው የት እንደምትገኝ ጭምር፣ ለሚገድለው ሰው ይዘረዝርለታል። ቦንድም ስለዚህ ይድናል። ግራንት ራሱ ደግሞ ደራሲው እንደ ነገረን ከልጅነቱ ጀምሮ ጨረቃ ስትሞላ ደም የሚያሰኘው አውሬ ነው። እንግዲህ ገዳይ ማለት አውሬ ከሆነ ስለ እርሱ የምናስበው ነገር የለም ማለት ነው። አውሬ ይገደላል፤ ታሪኩም ያልቃል።

መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1957 በጀርመን ከተማ በሙኒክ የሆነውን እንመልከት።

፫. ሦስት ሰዎች

ጥቅምት 12 ቀን 1957 ሌቭ ሬቤት የተባለ ዩክሬናዊ ስደተኛ ጋዜጠኛ ወደ ቢሮው ሲገባ በደረጃው ላይ አንድ ወጣት ከላይ እየወረደ ተላለፈው። ወጣቱ የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዟል። በጋዜጣው ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚረጭ አንድ አፈሙዝ ያለው ቱቦ ነበር። ወጣቱ ፊቱ ላይ ረጭቶበት ሄደ። ሬቤት ሞተ፤ ሐኪሞቹም ልቡ ቆሞ ነው አሉ። ገዳዩ ቦግዳን ስታሺንስኪ የሚባል የሶቪየት የስለላ ድርጅት ባልደረባ፣ እርሱ ራሱ ዩክሬናዊ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1959፣ እዚያው ሙኒክ ውስጥ ሁለት አፈሙዝ ያለው ቱቦ ይዞ የዩክሬን ብሔርተኞችን መሪ ስቴፓን ባንዴራን ጠበቀው። ባንዴራ በታሪክ ብዙ የሚያከራክር ሰው ነው፤ የድርጅቱ ተከታዮች በጦርነቱ ዘመን በፈጸሙት ግፍ ስሙ ይነሣል። በዚያ ቀን ግን ቲማቲም ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። ቁልፉ በበሩ ላይ አልነቀል ብሎ ሲታገል ስታሺንስኪ ቀርቦ አይሠራም ወይ ብሎ ጠየቀው። ባንዴራም ይሠራል ብሎ መለሰለት። ከዚያ ረጨበት። ሁለት ሰዎች በአንድ በር ላይ የሚለዋወጡት ተራ ቃል ነው። የግራንትን ረጅም ዲስኩር ከዚህ ጋር ስናስተያይ የቱ እንደሚያስደነግጥ አንባቢ ይፍረድ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ገዳዩ ራሱ ስለ ተናገረ ነው። ስታሺንስኪ ጀርመናዊት ሚስት አግብቶ ነበር፤ ሥራው ምን እንደ ሆነም ነገራት። በ1961 ጨቅላ ልጃቸው በምሥራቅ በርሊን ሞተባቸው። ለቀብሩ ከሞስኮ እንዲመጣ ተፈቀደለት። ቀብሩ ሳይፈጸም፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ ባልና ሚስት ወደ ምዕራብ በርሊን ተሻገሩ። የበርሊን ግንብ መዘጋት የጀመረው በማግስቱ ነው። ስታሺንስኪ እጁን ሰጥቶ ሁለቱንም ግድያ ተናዘዘ። የሬቤት ሞት ግድያ መሆኑ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ በዚህ ኑዛዜ ነው። በ1962 ካርልስሩኸ ላይ የተሰየመው ፍርድ ቤት ዋናዎቹ ጥፋተኞች ትእዛዙን የሰጡት ናቸው ብሎ እርሱን በተባባሪነት በ8 ዓመት እስራት ቀጣው።

መሣሪያው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ነበር። የጎላ ድምፅ አላሰማም፤ የሚታይ ቁስል አልተወም። ያልተደበቀው የሰውየው ሕሊና ነው።

ሁለተኛው ሰው ኒኮላይ ሆክሎቭ ነው፤ በጊዜ ከስታሺንስኪ ይቀድማል። በ1954 የሶቪየት ስለላ መኮንን ሆኖ በፍራንክፈርት የሚኖረውን ስደተኛ ፖለቲከኛ ጌኦርጊ ኦኮሎቪችን እንዲያስገድል ተላከ። ለሥራው የተዘጋጀው መሣሪያ በሲጋራ መያዣ ውስጥ የተደበቀ፣ በኤሌክትሪክ የሚተኩስና መርዝ የተቀላቀለበት ጥይት ያለው ነበር። ሆክሎቭ ሚስቱ ደም አፍስሶ እንዳይመለስባት እንደ ለመነችው በኋላ ሕሊናን ርእሱ ባደረገው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የካቲት 18 ቀን 1954 የኦኮሎቪችን በር አንኳኳ። ሲከፈትለት ሊያስገድለው እንደ ተላከ፣ ነገር ግን እንደማያደርገው ነገረው።

በሚያዝያ ወር የሲጋራ መያዣው ለዓለም ጋዜጠኞች ታየ። ፎቶግራፉ በየጋዜጣው ወጣ። ሞስኮ የቀረችው ሚስቱ ግን ተይዛ ለግዞት ተዳረገች። እርሱም በ1957 ተመርዞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በ2007 ዓለምን እስከ ተሰናበተበት ቀን ድረስ ከኖረባቸው ዓመታት ብዙዎቹን በአሜሪካ አገር ሥነ ልቡና ሲያስተምር አሳልፏል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለልብ ወለድ የሚሆነው ቦታ የትኛው ነው ብባል ያ በር ነው እላለሁ። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «ልትገደል ነው» ሲል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ያምነው ይሆን? ቢያምነው ምን ይመልሳል? መልእክተኛው በዚያች ሰዓት ሩቅ ስላለችው ሚስቱ ምን ያስባል? ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ነገር በሲጋራ መያዣው ውስጥ አይገኝም። ፍሌሚንግ ግን በ1965 በወጣው «ባለ ወርቅ ሽጉጡ ሰው» መክፈቻ ላይ ቦንድ አእምሮው ታጥቦ የገዛ አለቃውን በሳያናይድ መርጫ ሊገድል ሲሞክር ያሳየናል። የስታሺንስኪ ዓይነት መሣሪያ ገብቷል፤ የስታሺንስኪ ዓይነት ሰው አልገባም። የእኛም ወጣት ጸሐፊዎች ሳያውቁት የወረሱት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ሰው ተገዳይ ነው፤ ደራሲም ስደተኛም ነበር። ጊኦርጊ ማርኮቭ በአገሩ በቡልጋሪያ የታወቀ ልብ ወለድና ተውኔት ጸሐፊ ሲሆን «ወንዶች» የተባለው ልብ ወለዱ በ1962 ወጥቶ ተሸልሟል። በ1969 አገሩን ለቆ በኋላ ለንደን ገባ። ለቢቢሲና ለነጻ አውሮፓ ራዲዮ ስለ አገሩ ኑሮና ስለ መሪዎቿ ይጽፍና ያነብ ነበር። መስከረም 7 ቀን 1978 በዋተርሉ ድልድይ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጭኑን አንዳች ነገር ወጋው። ዞር ሲል አንድ ሰው የወደቀ ጃንጥላ ሲያነሣ አየ። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ በታክሲ ሄደ። ማርኮቭ ከአራት ቀን በኋላ በ49 ዓመቱ ሞተ። ከጭኑ የወጣችው የብረት እንክብል ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰች ነበረች። መርማሪዎች በውስጧ የነበረው ሪሲን ነው ብለው ደመደሙ። ሪሲን የሚገኘው እኛ በየአጥሩ ከምናውቀው ከጉሎ ፍሬ ነው። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በፓሪስ ቭላዲሚር ኮስቶቭ የተባለ ሌላ ቡልጋሪያዊ ስደተኛ በዚያው ዓይነት እንክብል ተመትቶ ተርፏል። በማርኮቭ ግድያ የተፈረደበት ሰው የለም፤ ቡልጋሪያም በ2013 ጊዜው አልፏል ብላ መዝገቡን ዘጋችው።

ዓለም ይህን ታሪክ «የቡልጋሪያ ጃንጥላ» እያለ ያስታውሰዋል። መሣሪያው ግን ተይዞ አያውቅም፤ ጃንጥላው ሰበብ እንጂ ተኳሹ እስክሪብቶ የሚያህል ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ መርማሪዎች አሉ። ጃንጥላው በፊልም፣ በቀልድ፣ በቤተ መዘክር ሳይቀር ይታያል። «ወንዶች»ን ያነበበው ስንቱ ነው? አንድ ደራሲ ተገደለ፤ ስሙን የወረሰው ጃንጥላ ሆነ። መሣሪያውን አድንቀን ሰውየውን ስንረሳ ገዳዮቹ የጀመሩትን እኛ እየጨረስንላቸው ነው።

፬. ስለ ጥርጣሬ

አሁን አንድ አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «አንተ ራስህ የጠራሃቸው ሬቤት፣ ባንዴራ፣ ኦኮሎቪች፣ ማርኮቭ፣ ኮስቶቭ ሁሉም ስደተኞች ናቸው። እንግዲያው ብንጠራጠር ምን ያስገርማል? የሚያስጠነቅቀን ታሪክ ቢጻፍ ምን ይከፋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አደጋው ተረት አይደለም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሠራውም አንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ1975 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሴናተር ፍራንክ ቸርች የመርዝ ቀስት የሚተኩስ የአገራቸውን የስለላ ድርጅት ሽጉጥ በካሜራ ፊት አንሥተው አሳይተዋል።

ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ኦኮሎቪችን ያዳነው ምን ነበር? የተላከው ሰው አፍ አውጥቶ መናገሩ፣ እርሱም መስማቱ ነው። በሩ ላይ የቆመውን እንግዳ «ሰላይ!» ብሎ አስጩሆበት ቢሆን ኖሮ እውነቱን ነበር፤ ሰውየው በእርግጥ ሰላይ ነበርና። ታሪኩ ግን ምናልባት በሌላ መንገድ ባለቀ ነበር።

ጥርጣሬ ራሱ መሣሪያ እንደሚሆን ያሳየን ሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ ግራሃም ግሪን ነው። እርሱም በጦርነቱ ዘመን ለአገሩ የስለላ ድርጅት በምዕራብ አፍሪካ፣ በፍሪታውን ከተማ ሠርቷል። ማርኮቭ በተገደለበት በ1978 ያወጣው «ሰብዓዊው ጉዳይ» የተባለው ልብ ወለድ ሽጉጥ አያስፈልገውም። ከአንድ የስለላ ቢሮ ምሥጢር ይወጣል። አለቆቹ ዴቪስ የተባለውን ወጣት ሠራተኛ ይጠረጥሩታል። ማስረጃ የላቸውም፤ ሠርቶ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ አንዲት ሴት የሚወድ ተራ ሰው ነው። የድርጅቱ ሐኪም ከሻገተ ለውዝ በሚገኝ መርዝ በጸጥታ ይገድለዋል። ሞቱም የጉበት በሽታ ይባላል። በኋላ እንደምናየው ምሥጢሩን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነበር። ዴቪስ ንጹሕ ነው። ገዳዩ ሐኪም አውሬ አይደለም፤ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራ ጨዋ ሰው ነው። የግሪን መጽሐፍ ከፍሌሚንግ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ሌሎችን ከመጠርጠሩ በፊት የራሱን ፍርድ ይጠረጥራል።

ከራሳችን ሥነ ጽሑፍም ምሳሌ አይጠፋም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1983 ሲወጣ ስለ ዘመቻና ስለ ስለላ ተናገረ፤ የሰውን ልብ እንጂ የሽጉጥ ብልሃትን አልተመረኮዘም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1984 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የበዓሉ ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው በመጽሐፎቹ ነው፤ ማርኮቭም ይህ ዕድል በተገባው ነበር።

፭. ለጸሐፊዎቻችን

እንግዲህ ምን ይደረግ? የስለላ ታሪክ አይጻፍ አልልም። ሦስት ነገር ግን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያውን የማታውቁት ከሆነ ጠይቁ። በዚህ ሰፈር መሣሪያ የያዘ፣ የፈታ፣ የገጠመ ሰው አይጠፋም። ሪቮልቨር ላይ ማፈኛ አትግጠሙ። ሁለተኛ፣ ገዳዩን ከጥላ አውጡት። ስም፣ ሚስት፣ የሚያንቀላፋበት አልጋ ስጡት፤ ከሟቹም ጋር አንድ በር ላይ አቁሙት። ሦስተኛውና ዋናው፣ በታሪካችሁ ውስጥ ማንንም ሰው ሰላይ ከማለታችሁ በፊት ማስረጃውን ለአንባቢ አሳዩ፤ የተባለበትም ሰው እንዲናገር ፍቀዱለት። እስክሪብቶ መያዙ ማስረጃ አይሆንም። እኛ ሁላችን እስክሪብቶ እንይዛለን፤ ይህች መጽሔትም የምትጻፈው በእርሱ ነው።

የሻይ ቤቱን ታሪክ ለጻፈው ወንድሜ አንድ ልዩ ምክር አለኝ። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ የሻይ ቤቱ ጢስ፣ የብርጭቆው ጩኸት፣ የባለቤቲቱ ጠባይ ሁሉ ሕይወት አለው። እባክህ ታሪኩን እንደገና ጻፈው። ተኩሱ ይሰማ። ሒሳባቸውን ከፍለው ከሚወጡት ሰዎች አንዱ ዞር ብሎ ይይ፤ ምን እንዳየም ለመናገር ይወስን ወይም ይፍራ። ቀጣዩን እትም ስንገለብጥ አምስት ገጽ እንድንይዝልህ ለአዘጋጆቹ ነግሬአለሁ።